ሜሪላንድ ቤት ስንገዛ የምንከፍላት ታክስ እንዴት ጫካና ረግረግ እንደምትሆን

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዛ ወይም የሸጠ ሰው ክሎዚንግ ቀን፣ ማለትም ሽያጩ በሚያልቅበት ቀን፣ ከሚፈርመው የወረቀት ክምር መሃል ስቴት ትራንስፈር ታክስ የምትል አንድ መስመር አለች። ከካውንቲው ትራንስፈር ታክስ ለብቻዋ ነው የምትቀመጠው፣ የቤቱን ዋጋ ግማሽ ፐርሰንት ትወስዳለች፣ በ500,000 ዶላር በተሸጠ ቤት ላይ 2,500 ዶላር ማለት ነው። (ሜሪላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ መኖሪያ የሚገዛ ሰው ከሆነ ታክሷ በግማሽ ትቀንሳለች፣ ያቺንም የሚከፍለው ሻጩ ነው፣ ስለዚህ ለመግዛት እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ ሪልተራችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።) ብዙ ሰው ያያታል፣ ያው ታክስ ነው ብሎ ይፈርማል፣ ያልፋል። ግን የዚች መስመር ብር ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት ፓርክ ነው፣ ሌላው ለበዓል በግ ፍለጋ ስንወጣ በመኪና የምናልፈው እርሻ ነው፣ ሌላው ደግሞ አብዛኞቻችን አይተነው የማናውቀው ባህር ዳር ያለ ረግረግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ታኮማ ፓርክ፣ ጀርመንታውን ስንት ሀበሻ ቤት ገዝቶ እየኖረ ይሄን ነገር በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን ሰው አለመኖሩ ስለሚቆጨኝ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ የተጀመረው 1969 ነው። ዋሽንግተንና ባልቲሞር ዙሪያ ሰፈር በሰፈር ላይ እየተሰራ፣ እርሻውና ጫካው በየዓመቱ እየተቆረሰ ሲሄድ ስቴቱ ፕሮግራም ኦፕን ስፔስ የሚባል ነገር አቋቋመ። ሀሳቡ እንዲህ ነው፤ መሬቱን የሚበላው የቤት ገበያው ከሆነ መሬት ለማዳን የሚሆነውም ብር ከዛው ከቤት ገበያ ይምጣ። ገበያው ሲሞቅ፣ ማለትም መሬቱ ላይ ጫናው ሲበረታ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብም አብሮ ከፍ ይላል። ከዛ ገንዘብ ውስጥ የተወሰነው ለስቴቱ ይሄድና የስቴት ፓርክና ደን የሚሆን መሬት ይገዛበታል፣ የተወሰነው ለየካውንቲው ይከፋፈልና የሰፈር ፓርክ፣ መጫወቻ፣ የእግር መንገድ፣ የኳስ ሜዳ ይሆናል፣ የተወሰነው ደግሞ የእርሻ መሬት እርሻ ሆኖ እንዲቀር ለማድረግ ይውላል። ዋናው ቁም ነገር ገንዘቡ የራሱ ቦይ ያለው መሆኑ ነው። በየዓመቱ ከትምህርት ቤት፣ ከሆስፒታል፣ ከመንገድ ጋር እየተሻማ በጀት እንዲለምን አልተተወም፣ ምክንያቱም ዛፍና ረግረግ ለራሱ ተከራክሮ አያሸንፍም፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ድምፅ የሌለው ነገር ነው።

ይሄ እንግዲህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። በተግባር ግን ስቴቱ ብር ባጠረው ቁጥር፣ በሪፐብሊካን ገዢም በዴሞክራት ገዢም ዘመን፣ ከዚህ ቦይ እየጠለፉ ወደ ጠቅላላ በጀት ያስገቡ ነበር፣ ባለፉት አስርት ዓመታት እንደዛ የሄደው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነው። 2016 ላይ የተወሰደው እንዲመለስ የሚያስገድድና ለወደፊቱም መውሰዱን ከባድ የሚያደርግ ህግ ወጣ። 2025 ላይ ደግሞ ስቴቱ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የበጀት ጉድለት ይዞ ነው ዓመቱን የጀመረው፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉም ሰው አይኑን የሚጥለው ለብቻው የተቀመጠ ብር ላይ ነው። ስለዚህ ስለ አካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ ስታነቡ ህጉ ምን አለ ከሚለው በፊት ብሩን ማን ሊነካው ይችላል የሚለውን ጠይቁ፣ እኔ ያየሁት ከሁሉም በላይ ልዩነት የሚያመጣው እሱ ነው።

አሁን ወደ እርሻው ልምጣ፣ ምክንያቱም ለኛ ለሀበሾች ትንሽ ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ ገበሬው የመጠቀም መብት ነው ያለው። እዚህ ተቃራኒው ነው፣ መሬቱ የግለሰብ ነው፣ ግለሰቡ ደግሞ በአንድ መሬት ላይ ብዙ መብቶች አሉት፣ የማረስ መብት፣ የማከራየት መብት፣ የማውረስ መብት፣ ቤት ሰርቶ የመሸጥ መብት። ስቴቱ የሚያደርገው ከነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ መርጦ መግዛት ነው፣ ቤት የመስራቱን። ገበሬው ብሩን ይቀበላል፣ መሬቱ የሱ እንደሆነ ይቀራል፣ ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ ለሌላ ሰውም መሸጥ ይችላል፣ ግን እሱም ልጁም ገዢውም እዛ ላይ ሰፈር መስራት አይችሉም፣ ለዘለአለም። ይሄ ኢዝመንት ይባላል፣ ከመሬቱ ሰነድ ጋር ተያይዞ ስለሚመዘገብ ባለቤት ቢቀየርም አይጠፋም። የእርሻ መሬት ለማዳን የተቋቋመው የስቴት ድርጅት ከ1977 ጀምሮ ይሄን እየሰራ ነው፣ 1997 ላይ ደግሞ ሩራል ሌጋሲ የሚባል ፕሮግራም ተጨመረበት፣ እሱ እርሻውን በየነጠላው ከመግዛት ይልቅ ተያይዘው ያሉ ሰፋፊ ቦታዎችን ይዞ ይሰራል። ለስቴቱ ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ሙሉ መሬት ከመግዛት ይረክሳል፣ ሳር የሚያጭድ አጥር የሚጠግን ሰራተኛም መቅጠር የለበትም፣ መሬቱን ገበሬው ራሱ እየተንከባከበ ይኖራል።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በራሱ መንገድ ከዚህም የባሰ ነገር ሰርቷል፣ የባሰ ስል በጥሩ ጎኑ። 1980 ላይ 93,000 ኤከር፣ የካውንቲውን ሲሶ ማለት ነው፣ (አንድ ሄክታር 2 ኤከር ተኩል ገደማ ነው) የእርሻ ክልል ብሎ ከለለውና እዛ ውስጥ በ25 ኤከር ከአንድ ቤት በላይ አይሰራም አለ። ገበሬዎቹ በአንድ ሌሊት የመሬታቸው ዋጋ እንዳይወርድባቸው ደግሞ ለየ5 ኤከሩ አንድ የመገንባት መብት ሰጣቸው፣ ያንን መብት ግን እዛው ሳይሆን ካውንቲው በፈቀደባቸው ሌሎች ሰፈሮች ጥቅጥቅ አድርጎ መስራት ለሚፈልግ ዴቨሎፐር ይሸጡታል። የመንግስት ካዝና ሳይነካ ማለት ነው፣ ብሩ ከዴቨሎፐሩ ኪስ ወደ ገበሬው ኪስ ሄደ። ጀርመንታውንን አልፋችሁ ወደ ፑልስቪል ስትነዱ ታውንሃውሱ ድንገት ያቆምና የበቆሎ ማሳ የሚጀምረው በአጋጣሚ የተፈጠረ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ያቺ መስመር ላይ ከ40 ዓመት በላይ ሰዎች ተከራክረውባታል።

ይሄ ሁሉ ተደማምሮ ነው እንግዲህ 2023 ላይ ስቴቱ ሜሪላንድ ዘ ቢዩቲፉል የሚባለውን ህግ ሲያወጣ እስከ 2030 ከመሬቱ 30 ፐርሰንቱን፣ እስከ 2040 ደግሞ 40 ፐርሰንቱን ከግንባታ እጠብቃለሁ ብሎ ግብ ያስቀመጠው። 2024 ላይ ገዢው ዌስ ሙር 30ውን ስድስት ዓመት ቀድመን ደርሰናል ብለው አስታወቁ፣ ከ1.8 ሚሊዮን ኤከር በላይ ማለት ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ ሊያስደስት ይገባል። ግን አንድ ነገር እናስተውል፣ እዚህ ቁጥር ውስጥ ፓርኩም ደኑም ኢዝመንት ያለበት የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳም አንድ ላይ ነው የሚቆጠሩት። ማሳ ከፓርኪንግ ሎት ይሻላል፣ በዛ አልከራከርም፣ ዝናብ ይመጣል መሬት ይጠጣዋል፣ ወፍም ያርፍበታል፣ ግን ማሳ ጫካ አይደለም፣ ማዳበሪያ ይረጭበታል፣ እና ማዳበሪያው የት እንደሚሄድ አሁን እነግራችኋለሁ። ቀጣዩ 10 ፐርሰንት ወደ 600,000 ኤከር ነው፣ ቀላል ቀላሉ ስላለቀ መሬቱ በየዓመቱ እየተወደደ ነው የሚገዛው፣ እና ከብዛቱ እኩል የትኛው መሬት የሚለው ጥያቄ መምጣት ያለበት ይመስለኛል።

ሜሪላንድን ያለ ቼሳፒክ ቤይ፣ ስቴቱን ለሁለት ከሚከፍለው ትልቅ ባህረ ሰላጤ፣ ማሰብ አይቻልም። ወደዛ ቤይ ውሃ የሚልከው መሬት 64,000 ስኩዌር ማይል ነው፣ ስድስት ስቴትና ዲሲን ይነካል፣ ኒውዮርክ ድረስ ይሄዳል። የቤዩ ዋና በሽታ ከመጠን በላይ ምግብ ነው፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከዶሮ ኩስ፣ ከፍሳሽ፣ ከሳራችን ላይ ከምንረጨው ሁሉ እየታጠበ ይገባል፣ አልጌ በላዩ ላይ ይፈላል፣ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ከውሃው ውስጥ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ከዛ አሳውና ክራቡ ወይ ይሸሻል ወይ ይሞታል። በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት (ሰመር ላይ) ቤዩ ውስጥ ኦክስጅን የሌለበት ትልቅ ክፍል ይፈጠራል።

እዚህ ላይ ሁለተኛዋ ትንሽ መስመር ትመጣለች፣ ይቺኛዋ የውሃ ቢላችሁ ላይ ናት፣ ቤይ ሬስቶሬሽን ፊ ትላለች። 2004 ላይ ስትወጣ በዓመት 30 ዶላር ነበረች፣ 2012 ላይ ወደ 60 ዶላር አሳደጓት። ሰው ፍላሽ ታክስ እያለ ነው የሚጠራት፣ የሽንት ቤት ውሃ ስንለቅ የምንከፍላት ማለት ነው። የፈረሟት ገዢ ሪፐብሊካኑ ሮበርት ኧርሊክ ነበሩ፣ ይሄን የምለው የቤይ ጉዳይ የአንድ ፓርቲ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበር እንድታውቁት ነው። ብሩ ዋና ስራው የስቴቱን 67 ትልልቅ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ማሻሻል ነበር።

ማሻሻል ስል ምን ማለት እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው፣ እኔ ሳነበው በጣም ነው የገረመኝ። ፍሳሽ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ከሰው ሽንት የሚመጣ አሞኒያ ነው። ማጣሪያው መጀመሪያ ውሃውን አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ እዛ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ከዛ ውሃው አየር ወደሌለበት ገንዳ ይገባል፣ እዛ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ከናይትሬቱ ላይ ኦክስጅኑን ነጥቀው ይተነፍሱታል፣ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል፣ አየር ደግሞ ድሮም አብዛኛው ናይትሮጅን ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። ግቡ ከማጣሪያው በሚወጣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ናይትሮጅኑ ከ3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። ከሞንትጎመሪና ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች የሚወጣው ፍሳሽ ብዙው የሚሄደው ዲሲ ውስጥ ብሉ ፕሌንስ ወደሚባለው ግዙፍ ማጣሪያ ነው፣ እሱም በዚሁ ብር ከተሻሻሉት አንዱ ነው። ግን መሳሪያ መግዛት ብቻውን በቂ አይደለም፣ ባልቲሞር ያለው ባክ ሪቨር ማጣሪያ ብዙ ብር ፈሶበት ጥገናና ሰራተኛ ጎድሎት በጣም ስለተበላሸ 2022 ላይ ስቴቱ ራሱ ገብቶ አሰራሩን ተረክቦት ነበር። ፖለቲከኛ ሪቫን መቁረጥ ይወዳል፣ ቧንቧ የሚጠግን ሰው ደሞዝ ላይ ግን ፎቶ የሚነሳ የለም፣ ማጣሪያውን በህይወት የሚያቆየው ግን እሱ ሰውዬ ነው።

ፍላሽ ታክሷ ሌላም ስራ አላት። ከፍሳሽ መስመር ውጪ ሆነው በሴፕቲክ ታንክ ከሚጠቀሙ ሰዎች የሚሰበሰበው ብር ከፊሉ ሴፕቲካቸውን ለማሻሻል ይመለሳል፣ ከፊሉ ደግሞ ለገበሬዎች ከቨር ክሮፕ ይሆናል። በቆሎው መስከረም ጥቅምት ገደማ ሲታጨድ ማሳው ላይ በቆሎው ያልተጠቀመበት ናይትሮጅን ይቀራል፣ መሬቱ ባዶ ከሆነ የክረምቱ ዝናብና በረዶ አጥቦ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ስለዚህ ገበሬው ወዲያው አጃ ወይም ስንዴ ወይም ገብስ ይዘራል፣ ለምርት ሳይሆን የተረፈውን ናይትሮጅን በስሩ ስቦ እንዲይዝለት፣ መሬቱንም በአረንጓዴ ሸፍኖ እንዲያቆይ። በጸደይ ገብሱ ይጠፋና በላዩ ላይ በቆሎው ይዘራል። ሜሪላንድ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኤከር እንዲህ ይሸፈናል፣ ዘሩንና ድካሙን ስቴቱ ነው በኤከር እያሰበ የሚከፍለው። ጃንዋሪ ላይ በኢስተርን ሾር፣ ከቤዩ በስተምስራቅ ባለው የሜሪላንድ ክፍል፣ ስትነዱ ያ ሁሉ ማሳ በብርድ አረንጓዴ ሆኖ ካያችሁት ከነዋሪው የተሰበሰበ ብር አለበት። ቤዩ ድኗል ወይ ካላችሁኝ አልዳነም፣ 2010 ላይ የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ባወጣው የብክለት ገደብ ለ2025 የተቀመጠው ግብ ሙሉ በሙሉ አልተሳካም፣ ከፍሳሹ በኩል ብዙ ተሰርቷል፣ ከእርሻና ከከተማ ጎርፍ በኩል ግን ገና ብዙ ይቀራል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጥበቃ ነው፣ የአየር ንብረት ለውጡ የት ገባ ትሉ ይሆናል። ኢስተርን ሾር ዶርቼስተር ካውንቲ ውስጥ ብላክዋተር የሚባል የዱር አራዊት መጠለያ አለ፣ ረግረግ ነው፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከ5,000 ኤከር በላይ ረግረግ ወደ ክፍት ውሃ ተቀይሮበታል። በአንድ በኩል ባህሩ ከፍ ይላል፣ በሌላ በኩል መሬቱ ራሱ ቀስ ብሎ እየሰመጠ ነው፣ ሁለቱ ሲደመሩ እዚህ አካባቢ ባለፉት መቶ ዓመታት የውሃው ከፍታ አንድ ጫማ ገደማ ጨምሯል። በዛ ላይ ኑትሪያ የሚባል ከደቡብ አሜሪካ ለቆዳው ተብሎ የመጣ ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳ የረግረጉን ሳር ከነስሩ ነቅሎ እየበላ ጨረሰው፣ ስሩ ሲነቀል ጭቃውን የሚይዝ ነገር ስለሌለ ማዕበሉ ይወስደዋል። 2002 ላይ የፌደራልና የስቴት ሰራተኞች አንድ ላይ ሆነው እንስሳውን ከአካባቢው ለማጥፋት ዘመቻ ጀመሩ፣ በውሻ፣ በወጥመድ፣ በጀልባ ረግረጉን በየካሬው እያሰሱ፣ የግል ባለመሬቶችም ፈቅደውላቸው፣ 20 ዓመት ፈጅቶ 2022 ላይ ጨርሰናል ብለው አወጁ። ሃያ ዓመት! አምስት የገዢ የምርጫ ዘመን ሳይታክቱ አንድ ነገር ላይ መቆየት ማለት ነው፣ እንዲህ አይነት ትዕግስት ያለው ፖሊሲ ብዙ አላውቅም።

ለባህሩ ከፍታ ግን ዘመቻ አይሰራለትም። እዛ ጋ የሚሰራው ቦታ መልቀቅ ነው። ረግረግ እንደ ግንብ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ውሃው ከፍ ሲል ሳሩ ወደ ውስጥ ወደ ደረቁ መሬት እየገፋ ይሄዳል፣ ከኋላው ቤትና አስፋልት ካለ ግን መሄጃ አጥቶ ይሰጥማል። ዶርቼስተር ውስጥ ጨው ገብቶባቸው ቆመው የደረቁ የጥድ ጫካዎች አሉ፣ ስራቸው ስር የረግረግ ሳር በቅሏል፣ ረግረጉ እየተሰደደ ነው። ስለዚህ ፖሊሲው አሁን ያለውን ረግረግ ብቻ ሳይሆን ከ50 ከ70 ዓመት በኋላ ረግረግ የሚሆነውን ደረቅ መሬት ዛሬ መግዛት ወይም ኢዝመንት ማድረግ ነው። 2020 ላይ የፌደራሉ መስሪያ ቤት ለብላክዋተር በውሃ የተወሰደበትን ለመተካት 2,600 ኤከር ገዛ፣ ከዛ የስቴቱ አርኪዮሎጂስቶች እዛ መሬት ላይ ሲቆፍሩ የሃሪየት ተብማን አባት ቤን ሮስ ይኖርበት የነበረውን ቤት ቦታ አገኙት፣ 2021 ላይ ይፋ ሆነ። ለወፍና ለሳር ተብሎ የተገዛ መሬት ውስጥ ከባርነት ወጥታ ሌሎችን ያወጣች ሴት የወጣትነት ታሪክ ተቀብሮ ተገኘ፣ ውሃ ሊውጠው ጥቂት ሲቀረው።

ባህር ዳር መሬት ላለውም ህግ አለ። 1984 ላይ የወጣው የክሪቲካል ኤሪያ ህግ ከቤዩ ውሃ 1,000 ጫማ ውስጥ ያለ መሬት ላይ የሚሰራውን ይቆጣጠራል፣ ውሃው አጠገብ ያለችው 100 ጫማ ደግሞ በዛፍና በሳር እንድትቆይ ያደርጋል። 2008 ላይ ደግሞ ዳርቻውን ከመሸርሸር ለመጠበቅ ከእንጨትና ከድንጋይ ግንብ በፊት ሳርና አሸዋ ይሞከር፣ የማይቻልበት ቦታ ብቻ ግንብ ይሰራ የሚል ህግ ወጣ። ግንብ ማዕበሉን መልሶ ወደ ጎረቤት ነው የሚልከው።

አብዛኞቻችን ግን የምንኖረው ባህር ዳር አይደለም፣ የኛ አደጋ ከላይ የሚመጣው ውሃ ነው። ኤሊኮት ሲቲ የት እንዳለች ታውቃላችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ግማሽ ሰዓት ትሆን ይሆናል፣ ሸለቆ ውስጥ ያለች የድሮ ከተማ ናት። ጁላይ 30፣ 2016 በሁለት ሰዓት ውስጥ 6 ኢንች ገደማ ዝናብ ወረደባት፣ ዋናው መንገዷ ወንዝ ሆነ፣ መኪና እንደ ቅጠል ወሰደ፣ ሁለት ሰው ሞተ። እንደገና ሰሯት። ሜይ 27፣ 2018 ያው ነገር ተደገመ፣ አንድ ሰው ሞተ። ሸለቆ ስለሆነች ድሮም ጎርፍ ያውቃታል፣ ግን ከላይዋ ያለው ኮረብታ ላይ በአስርት ዓመታት ውስጥ ብዙ ቤትና ፓርኪንግ ተሰርቷል፣ ዝናቡም እንደ ድሮው አይደለም፣ ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ስለሚሸከም ሲጥል በአንዴ ያራግፈዋል። አሁን ከተማዋ ያለችበት ሃዋርድ ካውንቲ የውሃ ማቆያ ኩሬዎችና ከመሬት ስር ጎርፉን አሳልፎ ወንዝ የሚከት ዋሻ ላይ ነው ያለው፣ በጣም ብዙ ብር ነው የሚፈጀው፣ ጫካው ከላይ በጊዜው ቢጠበቅ ኖሮ ምን ያህሉ ይቀር ነበር ብዬ ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ሂሳቡን ላሳያችሁ። አንድ ኤከር ስፋት ያለው ፓርኪንግ ሎት ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲዘንብ 27,000 ጋሎን ውሃ ነው፣ አስፋልቱ አንዱንም ጠብታ አይጠጣም፣ ሁሉም ዘይቱንና ቆሻሻውን ይዞ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ስላይጎ ክሪክ ወይ ወደ አናኮስቲያ ይሄዳል። 2012 ላይ ስቴቱ ባልቲሞር ከተማና ዘጠኝ ትልልቅ ካውንቲዎች ለዚህ የሚሆን ክፍያ ከባለንብረት እንዲሰበስቡ አዘዘ። ተቃዋሚዎቹ የዝናብ ታክስ ብለው ስም አወጡለት፣ ስሙ ተጣበቀ፣ ላሪ ሆጋን 2014 ላይ ገዢ ሲሆኑ ዘመቻቸው ላይ አንዱ ዋና ነጥብ ይሄ ነበር፣ 2015 ላይ አስገዳጅነቱ ተነሳ። ክፍያው ከሚሰራው ስራ ይልቅ ስሙ አሸነፈው፣ ህግ የሚያወጡ ሰዎች ለህዝቡ በቋንቋው ካላስረዱ ሌላው ሰው በራሱ ቃል ያስረዳላቸዋል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን ክፍያውን አላነሳም፣ ፕሮፐርቲ ታክስ ቢላችሁ ላይ ዋተር ኳሊቲ ፕሮቴክሽን ቻርጅ የምትለዋ እሷ ናት፣ የምትሰላውም ውሃ በማይጠጣው መሬታችሁ ስፋት ነው፣ ጣራ፣ ድራይቭዌይ፣ ፓርኪንግ።

ቤተክርስቲያንና መስጊድም ይከፍላሉ። ይሄ በቀጥታ እኛን የሚመለከት ነገር ነው፣ ምክንያቱም ማህበረሰባችን በላቡ የገዛቸው የአምልኮ ቦታዎች ብዙዎቹ ትልልቅ ፓርኪንግ ያላቸው ናቸው። የፓርኪንጉ ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ሬይን ጋርደን ቢሰራ፣ ማለትም ጎድጎድ ያለ መሬት ተቆፍሮ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ተሞልቶ፣ የአካባቢው ተወላጅ አበባና ሳር ቢተከልበት፣ ከአስፋልቱ የሚመጣው ውሃ እዛ ገብቶ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ስለማይቆይ ትንኝ አይፈለፈልበትም፣ ከካውንቲው ክፍያ ላይም ቅናሽ መጠየቅ ይቻላል። ለግለሰብ ቤትም ሬይንስኬፕስ በሚባለው የካውንቲው ፕሮግራም ከወጪው የተወሰነውን ይመልሳሉ። ስቴቱ ደግሞ 2021 ባወጣው ህግ እስከ 2031 አምስት ሚሊዮን ሀገር በቀል ዛፍ እተክላለሁ ብሏል፣ ከነሱ 500,000ው የግድ ችላ በተባሉ የከተማ ሰፈሮች ውስጥ ነው የሚተከለው፣ ቼሳፒክ ቤይ ትረስት የሚባለው ድርጅት በኩል ለማህበራትና ለእምነት ተቋማት ሳይቀር ግራንት ይሰጣል። ጎጃምና ጎንደር የቤተክርስቲያን ቅጥር ማለት ደን ማለት ነው፣ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ አልቆ ዛፍ የቀረው እዛ ነው። እዚህ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ስለ ፓርኪንግ ማስፋት ሲነሳ ስለ ዛፉም የሚያነሳ አንድ ሰው ይኑር፣ ማመልከቻውን የሚሞላ እንግሊዝኛ የለመደ ወጣት ደግሞ አናጣም።

የመጨረሻው ነገር፣ የት ነው መናገር የሚቻለው። የስቴቱ ምክር ቤት አናፖሊስ ውስጥ በየዓመቱ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ ለ90 ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው፣ 47 ሴናተርና 141 ዴሌጌት። ረቂቅ ህግ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ማንኛውም ሰው በምክር ቤቱ ዌብሳይት ተመዝግቦ ሀሳቡን በጽሁፍ ማስገባት ወይም ቀርቦ መናገር ይችላል፣ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፣ ዘግይቶ ኤፕሪል ላይ መናደድ ግን ዋጋ የለውም። መሬት የሚገዛበት ብር ደግሞ ገዢው፣ ኮምፕትሮለሯና ትሬዠረሩ ሶስት ሆነው በሚቀመጡበት ቦርድ ኦፍ ፐብሊክ ወርክስ ነው የሚጸድቀው፣ ስብሰባው ለህዝብ ክፍት ነው። ከሁሉም ቅርብ የሆነው ግን ካውንቲው ነው። እያንዳንዱ ካውንቲ ከፕሮግራም ኦፕን ስፔስ ድርሻውን ለማግኘት በየአምስት ዓመቱ የመሬትና የፓርክ እቅድ ማዘጋጀት አለበት፣ እቅዱ ሲዘጋጅ የህዝብ አስተያየት ይጠይቃሉ፣ የት ሰፈር ፓርክ የለም፣ የት ሜዳ ይሰራ፣ የትኛው ጫካ ይገዛ የሚለው እዛ ነው የሚጻፈው። አስተያየት የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ያላቸውና ስርዓቱን የሚያውቁ የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ የኛ ሰው ደግሞ ሁለት ስራ እየሰራ አያውቀውም። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፣ በኢሜይል መላክም ይቻላል። የካውንቲያችሁ እቅድ መች እንደሚታደስ ለፓርክ ቢሮው ደውላችሁ ጠይቁና ቀኑን እድር ላይ፣ ቤተክርስቲያን ላይ፣ መስጊድ ላይ ለሰው ሁሉ ተናገሩ።